በሪሞት የሚበር ሄሊኮፕተር ለሚማሩ፦ ስለ ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በባትሪ ለሚሠሩ ሄሊኮፕተሮች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከበደው ይሄዳሉ።

መጫወቻ አይደለም እንዴ? ምን ያህል ሊጎዳ ይችላል?

መዳፍ ላይ የምትቀመጠው፣ 50 ግራም እንኳ የማትሞላው ሄሊኮፕተር ጣት ብትመታ ታሳምማለች እንጂ አትቆርጥም፤ የምታሰጋው ለዓይን ነው። ከዚያ በላይ ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። 450 በሚባለው መጠን እያንዳንዱ ብሌድ (የሚዞረው ክንፍ) 32.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በደቂቃ 2,800 ጊዜ ሲዞር የብሌዱ ጫፍ በሰዓት 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። 700 የሚባለው ደግሞ ሲዞር የሚሠራው ክብ ከሜትር ተኩል ያልፋል፤ በደቂቃ 2,000 ዙር ብቻ ይዞ ጫፉ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ይህ ጣት የሚቆርጥ፣ አጥንት የሚሰብር ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚገኘው ካልቨርት ቮ ፓርክ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በራሱ ሄሊኮፕተር ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ወጣቱ ጀማሪ አልነበረም፤ ልምድ ነበረው። ስለዚህ የሚያድነው ችሎታ ብቻ አይደለም። ርቀት መጠበቅና የማይሰበር ልማድ ናቸው የሚያድኑት፤ ከልማዶቹም ትልቁ ይህ ነው፦ ባትሪው እስከተሰካ ድረስ ብሌዱ እየዞረ ነው ብሎ ማሰብ።

ለመጀመር የትኛው ይሻላል?

ከ50 ግራም በታች የሆነች፣ ራሷን ቀጥ የምታደርግበት ጋይሮ (መዞርንና ማዘንበልን የሚለካ መሣሪያ) ያላት፣ ባለ አራት ቻናል (ከሪሞቱ አራት የተለያዩ ትእዛዞችን የምትቀበል) ሄሊኮፕተር። ሁለት ሮተር (ብሌዶቹን ይዞ የሚዞረው ክፍል) ከላይና ከታች ያላቸው ሄሊኮፕተሮች ይበልጥ ይረጋጋሉ፤ ነገር ግን በጣም ስለሚረጋጉ ከእነሱ የሚተርፍ ትምህርት ጥቂት ነው። የብሌዱ ዝንባሌ የሚቀያየርበት ኮሌክቲቭ ፒች የሚባለው ዓይነት ለማንሻው ወዲያው መልስ ስለሚሰጥ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሄሊኮፕተር ይሁን።

«ትልቁ ንፋስ አያንገላታውም፣ ስለዚህ ይቀላል» የሚል ምክር ይሰማሉ። መረጋጋቱ እውነት ነው። ግን ጀማሪ መከስከሱ አይቀርም፤ ጥያቄው የሚከሰከሰው 40 ግራም ነው ወይስ 4 ኪሎ የሚለው ነው። ከትንሿ ይጀምሩ።

ሲሙሌተር (የኮምፒውተር የበረራ መለማመጃ) የግድ ነው?

አዎ። የሄሊኮፕተር ዋናው ፈተና አፍንጫው ወደ እርስዎ ሲዞር ግራና ቀኝ መገለባበጡ ነው። አእምሮ ይህን የሚለምደው በመደጋገም ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ስህተት ብሌድ ያስገዛል። በኮምፒውተር ላይ በእውነተኛው ሪሞትዎ ይለማመዱ፤ በኪቦርድ መለማመድ ጣትን የተሳሳተ ነገር ያስተምራል።

መጀመሪያ ጭራው ወደ እርስዎ ሆኖ አንድ ቦታ ማቆም፣ ቀጥሎ በግራና በቀኝ ጎኑ፣ በመጨረሻ በአፍንጫው። በየአቅጣጫው አምስት ደቂቃ ሳይወድቅ ካቆሙት እውነተኛውን ለመያዝ ደርሰዋል። ሲሙሌተሩ ላይም ሊወድቅ ሲል ሞተሩን የሚቆርጠውን የስሮትል ሆልድ ቁልፍ ይምቱ። ወድቆ በአንድ ቁልፍ እንደገና የሚነሳ ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን አይለማመደውም፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቁልፉ የት እንዳለ አያውቅም።

የት ላብርር? ከምን ያህል ርቀት ልቁም?

ለ450 መጠን ከ6 እስከ 8 ሜትር፣ ከዚያ ለሚበልጠው ከ10 ሜትር ያላነሰ። የሚቆሙት ከጭራው በስተኋላ ነው። የሚዞረው ክብ ከዓይንዎና ከአንገትዎ ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዳይቆይ ይጠንቀቁ፤ ብሌድ ቢሰበር ወይም ብሎኑ ቢወልቅ የሚወረወረው በዚያው በሚዞርበት ዝርግ ልክ ወደ ጎን ነው። ተመልካች ሁሉ ከአብራሪው ጀርባ ይቁም፤ ፊት ለፊትም በጎንም ማንም አይኑር።

ከባዱ ነገር ሕፃናት ናቸው። በሰፈር የኳስ ሜዳ ድምፁ እንደተሰማ ይሰበሰባሉ፤ ሄሊኮፕተሩ መሬት እንደነካም ሊያነሱት ይሮጣሉ፤ ብሌዱ ግን ገና አልቆመም። ስለዚህ ብቻዎን አይሂዱ። አንድ ሰው ሥራው ሕፃናቱን መጠበቅ ብቻ ይሁን፤ ሄሊኮፕተሩን ቀና ብሎ እንኳ አይመልከት። አንድ ልጅ መስመሩን ካለፈ ያሳርፉ።

ሣሩ ረጅም ከሆነ የጭራውን ሮተር ይይዛል፤ ጠጠር ከሆነ ንፋሱ አቧራና ድንጋይ ወደ ዓይን ይበትናል። አጭር ሣር ወይም ደረቅ ጠፍጣፋ መሬት ጥሩ ነው። መነፅር ያድርጉ፣ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሁን፣ ንፋስ የማይበረታበትን ማለዳ ይምረጡ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሄሊኮፕተሩን የሚያየው እንደ ድሮን ነው። ለመዝናናት የሚያበር ሰው ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ይወስዳል። ሄሊኮፕተሩ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ በ5 ዶላር ለ3 ዓመት ይመዘገባል፤ ቁጥሩም ላዩ ላይ ይጻፋል። የበረራ ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ከፍታው ከ400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) አይበልጥም፤ ከዓይን እይታም አይርቅም። የተመዘገበ ሁሉ ማንነቱን በሬዲዮ የሚያሰራጭ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ በሌላቸው ሄሊኮፕተሮች የሚበረው አስተዳደሩ ለዚህ በፈቀዳቸው ሜዳዎች ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የክለብ ሜዳዎች ስለሆኑ ክለብ መግባት አስተማሪም ሜዳም በአንድ ጊዜ ያስገኛል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ሐበሾች አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ክብ ውስጥ ናቸው። ከቤት ጀርባ ያለው መናፈሻ ምንም ሰፊ ቢሆን አይሆንም።

ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ያለ ቅድመ ፈቃድ ማስገባት አይቻልም፤ ጉምሩክ ላይ ሄሊኮፕተርን ከድሮን ለይቶ የሚያይልኝ አገኛለሁ ብለው አይነሱ። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ፈቃዱን ይጨርሱ።

መጀመሪያ የሚበራው ሪሞቱ ነው ወይስ ሄሊኮፕተሩ?

ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ኋላ ይጠፋል። ሄሊኮፕተሩ ትእዛዝ የሚሰጠው ሪሞት ሳይኖር አንድም ሰከንድ በርቶ መቆየት የለበትም።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ሪሞቱን ያብሩና ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም የዚህኛው ሄሊኮፕተር መሆኑን ያንብቡ፤ በአንድ ሪሞት ሁለት ሦስት የሚያበር ሰው የሌላኛውን ማስተካከያ ከፍቶ ሊሰካ ይችላል። ስሮትል ሆልድ መብራቱን፣ አይድል አፕ (ማንሻው ታች ቢሆንም ሞተሩን በፍጥነት የሚያዞረው ቁልፍ) መጥፋቱን፣ የስሮትል (የሞተር ጉልበት) ማንሻው ታች መሆኑን ይዩ። ከዚያ ባትሪውን ይሰኩ፤ ጋይሮው እስኪነቃ ጥቂት ሰከንድ ሄሊኮፕተሩን አይንኩ፤ በዚያች ቅጽበት ከተነቃነቀ ጋይሮው ቀጥ ያለውን በስህተት ይማራል። ሌሎቹን ማንሻዎች አንቀሳቅሰው ሰርቮዎቹ (የብሌዶቹን ዝንባሌ የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) በትክክል መታዘዛቸውን ይመልከቱ። ሄሊኮፕተሩን ቦታው አስቀምጠው ወደ መቆሚያዎ ይመለሱ። ስሮትል ሆልዱ የሚለቀቀው እዚያ ከቆሙ በኋላ ነው።

ሲያርፍ ደግሞ ስሮትል ሆልድ፣ ብሌዱ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም መጠበቅ፣ ሄዶ ባትሪውን መንቀል፣ በመጨረሻ ሪሞቱን ማጥፋት። ሊቆም ትንሽ የቀረውን ብሌድ በእጅ አይያዙ።

አደጋ የሚበዛው አንድ እጅ ባትሪውን ሲሰካና ሌላው ሪሞቱን ሲይዝ ነው። ሪሞቱ በአንገት ማንጠልጠያ ወርዶ ሰውየው ሲያጎነብስ ማንሻው ከሱሪው ኪስ ወይም ከጃኬቱ ዚፕ ጋር ይነካካል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ፊቱ ከብሌዱ ግማሽ ሜትር አይርቅም። ሪሞቱን መሬት ላይ ካስቀመጡም አያቁሙት፤ ንፋስ ገፍቶ በፊቱ ከተደፋ ማንሻው ይገፋል። ጀርባውን መሬት አስነክተው ያጋድሙት።

ስሮትል ሆልድ በትክክል ምን ያደርጋል? መቼ ነው የምመታው?

ሞተሩን ብቻ ይቆርጣል። የብሌዱን ዝንባሌ አሁንም በማንሻው ይቆጣጠራሉ፤ ለዚህ ነው የለመዱ አብራሪዎች ሞተር አጥፍተው የሚያርፉት። ለጀማሪ ግን ሥራው አንድ ነው፤ የአደጋ ፍሬን ነው።

የሚመታው ከመከስከሱ በፊት ነው። ብሌዱ መሬት ነክቶ ሲያዝ ሞተሩ መግፋቱን ከቀጠለ ጊሩ ጥርሱን ይጨርሳል፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው ይቃጠላል፣ የተሰበረው ሁሉ ይበተናል። አንድ አመልካች ጣት ሁልጊዜ ቁልፉ ላይ ይረፍ። «ላድነው» ብለው የሚታገሉባት አንዲት ሰከንድ ናት ከጥገናው ወጪ ትልቁን ድርሻ የምትወስደው። አቅጣጫው ከጠፋዎት አይታገሉ፤ ይምቱት።

ቤት ውስጥ ሳስተካክል ሞተሩ በድንገት ቢነሳስ?

እንዳይነሳ አድርገው ይጀምሩ። ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን ይንቀሉና ጫፋቸው እንዳይነካካ ለየብቻ በሽቦ ፕላስተር ይሸፍኑ። ሽቦዎቹ በመበየድ የተያያዙ ከሆነ የሞተሩን ብሎኖች አላልተው ትንሿን ጊር ከትልቁ ያርቁ። በሁለቱም መንገድ ዋናውንም የጭራውንም ብሌድ ያውጡ። የጭራ ብሌድ ትንሽ ስለሆነ ይረሳል፤ ከዋናው ግን በብዙ እጥፍ ይፈጥናል።

ከመብረሩ በፊት ምን ልፈትሽ?

ባትሪ ሳይሰካ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ብሌዱን ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣት ይዳብሱ፤ ነጭ ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም የተነሳ ጠርዝ ካለ ይጣል። ብሌዱን የያዘው ብሎን ልኩ እንዲህ ይታወቃል፦ ሄሊኮፕተሩን በጎኑ ሲያዘነብሉት ብሌዱ በራሱ ክብደት አይወድቅም፣ በትንሹ ነቅነቅ ሲያደርጉት ግን ይታጠፋል። ከላላ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠበቀ ብሌዶቹ ራሳቸውን ማስተካከል አይችሉም።

ቀጥሎ ትንንሾቹን የፕላስቲክ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ በእጅ የሚወልቅ መጋጠሚያ በአየር ላይም ይወልቃል። ኩሽኔታዎቹ ሲዞሩ ከሻከሩ ወይም ከተንጓጉ ይቀየሩ። ብረት ከብረት የሚገባበት ብሎን ሁሉ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ፈሳሽ) ይፈልጋል፤ አንድ ጠብታ ይበቃል፣ ፕላስቲክና ኩሽኔታ ላይ ግን እንዳይፈስ። የባትሪው ማሰሪያ ጠንክሮ መያዙንም ይዩ።

ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ይቃጠላል ይባላል፤ እንዴት ልያዘው?

ይቃጠላል፤ የሚቃጠለውም አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅ ላይ ሳለ ወይም ከተጎዳ በኋላ ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የሚሞላው በ1ሲ፣ ማለትም ከአቅሙ ጋር እኩል በሆነ አምፒር ነው፤ 2,200 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በ2.2 አምፒር ማለት ነው። ቻርጀሩ ላይ የሴል ብዛትና የባትሪ ዓይነት ከመጫንዎ በፊት ሁለቴ ያንብቡ፤ የሴሎቹን ማመጣጠኛ ሶኬትም ሁልጊዜ ይሰኩ። ከበረራ የመጣ ትኩስ ባትሪ እስኪበርድ አይሞላም።

አልጋ፣ ሶፋና መጋረጃ አጠገብ አይሙሉ። ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ሸክላ ድስት ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋም አጠገቡ ይኑር። ተኝተው ወይም ከቤት ወጥተው አይሙሉ። መብራት ከጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ከመጀመሪያው በእጅዎ ያስጀምሩት።

በበረራ ከ80 በመቶ በላይ አይጠቀሙ። ሰዓት ቆጣሪውን መጀመሪያ 4 ደቂቃ ያድርጉና ባትሪው ትንሽ ካረፈ በኋላ ይለኩ፤ በሴል 3.7 ቮልት አካባቢ ከሆነ ልክ ነው። ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ በሴል 3.8 ወይም 3.85 ላይ ይተዉት። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ አይሞላም፣ ከሌሎቹ ጋርም አይቀመጥም።

በአውሮፕላን ሲጓዙ ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገቡም፤ ጫፋቸው በፕላስተር ይሸፈናል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት ነው። 11.1 ቮልት ሲባዛ በ2.2 ይሆናል 24.4። ባለ 6 ሴሉ 22.2 ቮልት በ5 ግን 111 ስለሚሆን የአየር መንገዱን ይሁንታ ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን በረራ እንዴት ልጀምር?

ከሄሊኮፕተሩ እግር ሥር በመስቀል ቅርጽ የታሰሩ ሁለት ዘንጎች ያድርጉ፤ ጫፋቸው ላይ የፕላስቲክ ኳስ ያላቸው የልምምድ እግሮች ይሸጣሉ። ዘንጎቹ ሄሊኮፕተሩ በጎኑ እንዳይገለበጥ ይከለክላሉ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባትሪዎች አያንሱት፤ ክብደቱ ቀለል እስኪል ብቻ ጋዝ ይስጡና መሬት ላይ ያንሸራትቱት።

አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ሲታዩ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞሩ ሲነሱ ወደ ግራ ይንሸራተታሉ፤ የጭራው ሮተር ወደዚያ ይገፋቸዋል። ብልሽት አይደለም፤ በትንሹ ወደ ቀኝ መያዝ ነው መድኃኒቱ። ሌላው ማወቅ ያለብዎ፣ ጀማሪ በፍርሃት ጉልበት ከፍታ ላይ ለመቆየት ይሞክራል፤ እዚያ ግን የራሱ ንፋስ ከመሬት ተመልሶ ያናውጠዋል። ማንሸራተቱን ሲለምዱት ሳይዘገዩ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ያውጡት፤ ይረጋጋል፤ ለማሰብም ጊዜ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ላይ መመሪያው እንደሚለው ለምን አይነሳም?

አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የማንሳት ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ5 ዲግሪ ፒች (የብሌዱ ዝንባሌ) ይቆማል የተባለው ሄሊኮፕተር እዚህ 6 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ፒቹን ሳይነኩ ለማካካስ ከተፈለገ ደግሞ ዙሩ በ12 በመቶ ያህል መጨመር አለበት።

ዙር ከመጨመርዎ በፊት የብሌዱ አምራች የፈቀደውን ከፍተኛ ዙር ይመልከቱ፤ ከዚያ አይለፉ። የጭራውም ሮተር አቅም አብሮ ስለሚያንስ ጋዝ በኃይል ሲሰጥ ጭራው ሊያመልጥ ይችላል፤ ማንሻውን ቀስ ብለው ያንሱ። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ሰዓት ቆጣሪውን ያሳጥሩ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትቀላለች፣ ግን የቀትር ሙቀቷም አየሩን ያሳሳል።

ልክ ሲነሳ ጭራው መሽከርከር ጀመረ፤ ምንድን ነው?

ወዲያው ስሮትል ሆልድ። አዲስ በተገጣጠመ ሄሊኮፕተር ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በተቃራኒ አቅጣጫ የተስተካከለ ጋይሮ ነው። ሞተሩ እንደማይነሳ አድርገው ይፈትሹ፦ ማንሻውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ የጭራው ሰርቮ ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። ከዚያ ማንሻውን ለቀው አፍንጫውን በእጅዎ በፍጥነት ወደ ግራ ያዙሩት። ሰርቮው አሁንም ለቀኝ ማንሻ በሄደበት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ጋይሮው ችግሩን እያባሰ ነው።

ስዋሽፕሌቱም (የዋናዎቹን ብሌዶች ዝንባሌ የሚለዋውጠው ክብ ሳህን) እንዲሁ ይፈተሻል። ሄሊኮፕተሩን ወደ ፊት ሲደፉት ስዋሽፕሌቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ሲያጋድሉት ወደ ቀኝ ማዘንበል አለበት። አንዱ እንኳ ከተገለበጠ እንደተነሳ ይገለበጣል። ሁለቱም ልክ ሆነው ጭራው ከዞረ ቺንጋው መላላቱን፣ ወይም ሲገጠም ወደ ተሳሳተው ጎን ተጠምዞ የጭራውን ሮተር በተቃራኒ ማዞሩን ይመልከቱ።

ሪሞቱ በአየር ላይ ግንኙነት ቢያጣስ?

ያን ጊዜ የሚወስነው ፌይልሴፍ (ግንኙነት ሲቋረጥ ሄሊኮፕተሩ የሚከተለው ቅድመ ትእዛዝ) ነው፤ እርስዎ አስቀድመው ካላዘጋጁት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ሪሞትና ሪሲቨር (ሄሊኮፕተሩ ላይ ያለው ትእዛዝ ተቀባይ) ሲያገናኙ ስሮትሉ ዜሮ እንዲሆን ያዘጋጁት። ከዚያ የሞተር ሽቦዎቹ እንደተነቀሉ ማንሻውን ግማሽ ላይ ያድርጉና ሪሞቱን ያጥፉ፤ የስሮትል ቻናሉ ወደ ዜሮ መውረዱን በፍጥነት መቆጣጠሪያው ወይም በሪሲቨሩ መከታተያ ላይ ያረጋግጡ። ሪሞትና ባትሪ በቅደም ተከተል ይጥፉ የሚለው ሕግ የሚጣሰው በዚህ ፈተና ብቻ ነው።

ከተከሰከሰ በኋላ ምን ልቀይር?

ሆልድ እንደተመታ ሆኖ፣ ሁሉም ነገር እስኪቆም ጠብቀው ይቅረቡና መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ። የተጨቆነ ወይም የተበሳ ባትሪ ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፤ ከቤትም ከመኪናም ርቆ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። የካርቦን ስብርባሪ በባዶ እጅ አይለቀም፤ ስንጥሩ ቆዳ ውስጥ ይቀራል።

መሬት የነካ ብሌድ ደህና ቢመስልም አይመለስም፤ በማጣበቂያ የተጠገነ ደግሞ ፈጽሞ። ብሌዶቹን የያዘውንም ዋናውንም ዘንግ አውጥተው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያንከባሉ። ከሥሩ ብርሃን ብቅ ጥልቅ ካለ ታጥፏል፤ ተቃንቶ አይሠራም፣ ይቀየራል። ጊሩን ጥርስ በጥርስ በጥፍር እየዳበሱ ያዙሩት፤ አንዲት ጥርስ ብትጎድል ቀጣዩ በረራ ላይ ሌሎቹን ትጨርሳለች። ከጥገና በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ከ15 ሜትር ርቀት ሆኖ፣ ማንም ሳይኖር፣ ለ30 ሰከንድ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ባትሪውን ነቅለው ብሎኖቹን እንደገና አንድ በአንድ ይሞክሩ።